ወገበ ሰፊዋ

ባንኮክን አይተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ኮርኒሷን አይቻለሁ። አምና ጎኔ ውስጥ የበቀለውን ዕጢ ሊያወጡልኝ ከሰሜን ምሥራቅ መንደራችን ድረስ በአምቡላንስ ጭነው ወሰዱኝ። በጀርባዬ አስተኝተው ከአንዱ ኮርኒስ ወደ ሌላው ኮርኒስ ሲገፉኝ ሰነበቱና፣ በጀርባዬ እንደተኛሁ መለሱኝ። ወንዙን አላየሁ፣ ቤተ መንግሥቱን አላየሁ። ከአልጋዬ በላይ ተለጥፋ የምትውለውን እንሽላሊት ግን ዛሬም መንገድ ላይ ባገኛት ሰላም እላታለሁ።

ስለዚህ ባሌ ቡንሎም አንድ ቀን፣ እኔ ለደንበኛ የጥሬ ፓፓያ ሰላጣ እየወቀጥኩ ሳለ፣ አጠገቤ መጥቶ «ላምዱዋን፣ ባንኮክ ወስጄ ላዝናናሽ ነው» ሲለኝ ዘነዘናው ከእጄ ሊያመልጥ ነበር።

«ምን ነካህ?» አልኩት።

«ምን ይነካኛል? ሰው ሚስቱን አያዝናናም?»

«ሰው ያዝናናል። አንተ ከወረዳ ገበያ አሳልፈኸኝ ታውቃለህ?»

«አምና ኮርኒስ ብቻ ነው ያየሁት ስትዪ አልነበር? በቃ፣ ከኮርኒሱ በታች ያለውን ደግሞ እይ» ብሎኝ ሄደ።

ቡንሎምን ስለማታውቁት ልንገራችሁ። ሰውዬው በውፍረቱም በአቋሙም ግንድ ነው። ወታደር ነበረ፣ የመንደር ዘብ ነበረ፣ አሁን ሩዙን ያርሳል። በሠርጋችን ቀን ዘመድ አዝማዱ ሁሉ አቧራ እስኪነሳ ሲጨፍር እሱ እጁን አጣምሮ ቆሞ ነበር። ግቢ ውስጥ ያለው የማንጎ ዛፍ እንኳ ነፋስ ሲመጣ ከሱ ይሻላል። አንድ የሚመጻደቅበት ነገር ቢኖረው ጸጉሩ ነው። በየወሩ ጥቁር ቀለም ይቀባዋል፣ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ እስኪያንጸባርቅ ያበጥረዋል። እኩዮቹ ራሰ በራ ሆነው ሲያይ የሚያዝንላቸው አስመስሎ ይደሰታል።

አሁን የምነግራችሁን ለማንም እንዳታወሩ። አምና ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሊያስገቡኝ ሲሉ፣ ነርሷ ጠረጴዛ ላይ አንዲት ትንሽዬ የቡድሃ ምስል አየሁና ተሳልኩ። «በሕይወት ከወጣሁ ባሌ ቡንሎም ጸጉሩን ተላጭቶ ዘጠኝ ቀን ገዳም ይገባል» አልኩ። ለምን የራስሽን ነገር አልተሳልሽም ትሉኝ ይሆናል። እንጃ! በዚያ ሰዓት አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ስለት ቀልድ አይደለም፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያልሽውን ልክ እንዳልሽው ካልፈጸምሽ የሰጡሽን መልሰው ይወስዱታል። እኔም ከዳንኩ በኋላ ልነግረው አፌን በከፈትኩ ቁጥር መስታወት ፊት ቆሞ ሲያበጥር አገኘዋለሁና መልሼ እዘጋዋለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን ዓመት አለፈ። በቅርቡ ታዲያ ጎኔን ወጋ ወጋ ያደርገኝ ጀመር። ስለቱ ነው፣ አልኩ በሆዴ። ባንኮክ ደርሰን፣ ጥሩ ምሳ ካበላሁት በኋላ እነግረዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

ግን እሱም አላማረኝም። ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት ያቃዠዋል። ስልክ ሲደወልለት ከዶሮ ቤቱ ጀርባ እየሄደ ነው የሚያወራው። አንድ ቀን እንቁላል ልሰበስብ ስሄድ «እሷ እንዳታውቅ ብቻ!» ሲል ሰማሁት። የወሩ ቀን ሳይደርስ ጸጉሩን ቀለም ተቀባ። ሩዝ ማሳው ዳር ብቻውን ቆሞ ጣቶቹን ወደ ኋላ እያጎበጠ አየሁትና «ምን ሆነሃል?» ስለው፣ «ቁርጥማት ነው» ብሎኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ ጠርጣራ ነኝ።

የጉዞው ቀን ጠዋት በባቡር ተሳፈርን። እኛ የሰሜን ምሥራቅ ሰዎች የባንኮክን በርበሬ አናምነውም፤ ስኳር ይጨምሩበታል ይባላል። ስለዚህ ራሴ ቆልቼ የወቀጥኩትን ሚጥሚጣ በትልቅ ጣሳ ሞልቼ ያዝኩ። ይቺ ሚጥሚጣ የዋዛ አይደለችም። ጎረቤታችን አንድ ጊዜ ጣቷን ሳትታጠብ ዓይኗን አሽታ ሁለት ቀን ባሏን በድምፁ ነው የለየችው።

ያረፍነው የባሌ ታናሽ እህት ፕራኖም ቤት ነው። ፕራኖም የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች የምትኖር፣ ሲበዛ ሳቂታ ሴት ነች። በሩ ላይ እንዳየችኝ «እትዬ ላምዱዋን! ከስተሻል!» ብላ አቀፈችኝ፤ ከዚያ ወንድሟን አየችውና እጇን አፏ ላይ ጭና ሳቋን ዋጠች። እሱ ዓይኑን አጉረጠረጠባት። ሁለቱን አየሁና ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።

መዝናናቱንስ ተዝናናሁ፤ አልክድም። ወንዙን በጀልባ ወጣነው፣ ወረድነው። በጎኑ የተጋደመውን የወርቅ ቡድሃ አየሁ፤ የእግሩ መዳፍ ብቻ የእኛን ጎተራ ያክላል። «እንዲህ መተኛት እንዴት ደስ ይላል! የሚቀሰቅሰው የለ፣ ፓፓያ ውቀጪ የሚለው የለ» ስል አጠገቤ የቆመች መነኩሲት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። መንገድ ላይ ዝሆን የተሳለበት ሱሪ የለበሰ ፈረንጅ፣ እንጨት ላይ የተሰካ የተጠበሰ ጊንጥ ይዞ አንዴ ወደ አፉ ያስጠጋል፣ አንዴ ያርቃል፣ ሚስቱ ፎቶ ታነሳዋለች።

«ብላ እንጂ!» አልኩት በራሴ ቋንቋ። «ሞቶ ሳለ ነው የፈራኸው?»

ፈረንጁ ፈገግ ብሎ ጊንጡን ለእኔ ዘረጋልኝ። ተቀብዬ ሚጥሚጣ ነስነስ አድርጌበት ቀረጠፍኩት። ከዚያ በኋላ ፎቶ የተነሳሁት እኔ ነኝ። ቡንሎም ግን ይህን ሁሉ ሲያይ አንዴም አልሳቀ። ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው። ምሳ ላይ ስለ ጸጉሩ ልነግረው ስል ሹካውን ይዞ ፈዞ አገኘሁት፤ ሦስት ጊዜ ስሙን ጠርቼ ነው የሰማኝ።

በማግሥቱ እሱ ሊታጠብ ሲገባ ንጹሕ ሸሚዝ ላውጣለት ብዬ ሻንጣውን ከፈትኩ። ከሸሚዞቹ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አለ። ፈታሁት። የሴት ቀሚስ!

ቀሚስ ብላችሁ ዝም ብላችሁ እንዳታልፉት። ወርቅማ፣ ከደረቱ እስከ ጫፉ ፈርጥ የተዘራበት፣ ጣት የሚያክል ውፍረት ያለው ባለ ወርቅ መቀነት ያለው። አንስቼ በራሴ ላይ ለካሁት። እኔና ፕራኖም አብረን ብንገባበት ለሌላ ሴት ቦታ ይተርፋል። ወገቡ! ያን ወገብ ብታዩት! ቁጭ ብዬ ቀሚሱን ጭኔ ላይ ዘርግቼ አፈጠጥኩበት። ወጣትና ቀጭን ብትሆን ኖሮ፣ በቃ፣ ዓለም እንዲህ ናት፣ ወንድ ሲያረጅ ያብዳል እል ነበር። እኔን ትቶ ከእኔ ሦስት እጥፍ የምትወፍር ሴት! ይሄ ስድብ ነው።

ከመታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ድምፁ ይሰማኛል። ውሃውን ከፍቶ በስልክ ያወራል፤ ውሃ ድምፅ የሚደብቅ መስሎታል። «ነገ አምስት ሰዓት፣ እናት ሳይቶንግ ዛፍ ሥር። ቀሚሱን ይዤ እመጣለሁ። አዎ፣ ሚስቴ አታውቅም» ይላል።

እናት ሳይቶንግ እዚያ ሆስፒታል አጠገብ ያለችው፣ ሰው የሚሳልላት የዛፍ እመቤት ነች፤ አምና ነርሶቹ ሁሉ ስሟን ሲጠሩ እሰማ ነበር። በእመቤቲቱ ዓይን ፊት ሊቀጣጠሩ! ያውም እኔ በተቀደድኩበት ሆስፒታል አጥር ሥር! አልዋሻችሁም፣ አለቀስኩ። ሐኪሞቹ ጎኔን ሲከፍቱት እንደዚህ አላመመኝም። እንደ ግንድ የቆመ ሰው ነው፤ ቃል የማያውቅ፣ አበባ የማያውቅ፣ ግን የእኔ ነው እያልኩ ነበር የኖርኩት።

ከዚያ አፍንጫዬን ጠረግኩና ተነሳሁ። ጣሳዬን አመጣሁ። ቀሚሱን ገልብጬ፣ የወገቡን ገበር ዙሪያውን ሚጥሚጣ ነሰነስኩበት። ነስንሼ አልተውኩም፤ በጨርቅ አድርጌ አሸሁት፣ እስኪጠጣ። መቀነቱንም ከውስጥ በኩል አልረሳሁትም። «በይ ለወገብሽ ይስማማሽ፣ እህቴ» ብዬ መረቅኳት። እጄን በሳሙናና በሎሚ አጥቤ፣ ጋዜጣውን እንደነበረ ጠቅልዬ፣ ሸሚዝ ይዤ ወጣሁ።

ማታ እራት ላይ ቡንሎም ጉሮሮውን ጠረገ። «ነገ አንድ የድሮ የወታደር ጓደኛዬን ላገኝ ነው። አንቺ ከፕራኖም ጋር ሞል ሂጂና ተዝናኚ።»

«ማን ይባላል ጓደኛህ?»

«እ... ኩዋን።»

«ሰላም በልልኝ። ወገቡስ እንዴት ነው?»

«ምኑ?»

«ጤናው ማለቴ ነው።»

ፕራኖም ሩዙ ትን አላት።

በማግሥቱ ሞሉ ገና በሩን ሲከፍት ደረስን። ፕራኖም ክንዴን ጥብቅ አድርጋ ይዛኛለች፤ ዘበኛዬ እሷ መሆኗ ገብቶኛል። ወደ ላይ የሚወጣው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ጋ ስንደርስ «ወይኔ፣ እኔ ይሄን ነገር እፈራለሁ! አንቺ ቅደሚና አሳዪኝ» አልኳት። እሷ ረገጠች። ደረጃው ይዟት ወጣ። እኔ በሩን ይዤ ወጣሁ።

«እትዬ! እትዬ ላምዱዋን! ኧረ ወዴት ነው?» ትላለች ከላይ፤ ወደ ታች ልትሮጥ ስትሞክር ደረጃው መልሶ ይወስዳታል። የቀረውን አላየሁም። አንዱ ባለ ሞተር ኋላ ላይ ተፈናጥጬ «እናት ሳይቶንግ!» አልኩት።

ዛፏ በሆስፒታሉና በአንድ የመስታወት ፎቅ መሐል ነች። ግንዷ በቀለም በቀለም ጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ከሥሯ የቀይ ለስላሳ ጠርሙሶች ከነመምጠጫቸው ተደርድረዋል፣ የተቀቀለ እንቁላል ተከምሯል። በስተግራ መጠለያ ሥር ሙዚቀኞቹና አማልክትን የሚያስደስቱት ጨፋሪ ሴቶች ተቀምጠዋል። የተሳለ ሰው መጥቶ ይቀጥራቸዋል፣ እነሱ ይጨፍሩለታል፣ ስለቱ ይደርሳል፤ ሁሉም ሰው የሚያደርገው እንዲህ ነው። ፈረንጆቹ ስልካቸውን ከፍ አድርገው ይቀርጻሉ።

እኔ ሴትዮዋን ፈለግኩ። መግቢያው ላይ ያለችው አበባ ሻጭ ወፍራም ነች። ወገቧን በዓይኔ ለካሁት። ልክ ነች! ጠጋ አልኳት።

«ቡንሎም የሚባል ሰው ታውቂያለሽ?» አልኳት፣ ጥርሴን ነክሼ።

«የምን ቡንሎም?»

«ወንድ! የሰው ባል!»

«እህቴ፣ እኔ ጥሎኝ የሄደ ባልና አልሄድ ያለ ባል ስላለኝ የሰው አልፈልግም» አለችኝ። «ባል ከጠፋብሽ አበባ ግዢና እመቤቲቱን ለምኚ።»

አፍሬ አበባ ገዛሁ። ከአበባው ኋላ ተሸሽጌ መጠበቅ ጀመርኩ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

አምስት ሰዓት ሲሆን ከመጠለያው ጀርባ ያለው መጋረጃ ተገለጠና ወጣች። ወርቅማ ቀሚሱን ለብሳለች፣ ሹል የወርቅ ዘውድ ደፍታለች፣ ፊቷ በዱቄት ነጭ ሆኗል፣ ከንፈሯ ቀይ ነው። ወገቧ ያው ያልኳችሁ ወገብ ነው። ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩ። ሁለት እርምጃ ሄድኩ። ሦስተኛውን ልረግጥ ስል ዓይኔ ባዶ እግሯ ላይ አረፈ። ባቷ ላይ ረጅም ጠባሳ አለ፤ ጎሽ የወጋው ጠባሳ። ያን ቁስል በመቀነቴ ያሰርኩት እኔ ነኝ።

«ቡንሎም?» አልኩ በሆዴ።

ባሌ፣ ግንዱ፣ በዘውዱ ተንበርክኮ እጆቹን ግንባሩ ላይ አጣመረ። ሰው እንዳይሰማው ሊያንሾካሹክ ፈልጎ ነበር፤ ግን የዘብ ድምፅ አለውና ሁላችንም ሰማነው።

«እናቴ ሳይቶንግ፣ ቡንሎም ነኝ፣ የአምናው። ሚስቴ ላምዱዋን እዚያ ፎቅ ላይ ቢላዋ ሥር ሳለች፣ ብትመልሽልኝ እንደ ጨፋሪዎችሽ ለብሼ እኔው ራሴ እጨፍርልሻለሁ አልኩሽ። ጨፋሪ ቀጥሬ አስጨፍራለሁ ማለት ነበረብኝ፤ ደንግጬ ራሴ አልኩ። አንቺ መለስሽልኝ። እኔ ግን አፈርኩና ዓመት አቆየሁሽ። አሁን ጎኗን ያማታል። ለእኔ ደብቃ ነው የምታቃስተው፣ ግን እሰማለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሷን አትንኪብኝ።»

አበባ ሻጯ ምላሷን አጮኸች። «ወይ ሞኝ! ራሴ እጨፍራለሁ ይባላል እንዴ? ማነው ይሄ ገበሬ?»

«የእኔ ነው» አልኳት። ሠርጉ ላይ ያልጨፈረ ሰው! ጣቶቹን ማሳው ዳር ሲያጎብጥ የነበረው ለእኔ ነው! ዓመት ሙሉ በየማታው ሲያቃዠው የነበረው ነገር ይሄ ነው!

ሙዚቃው ተመታ። ያኔ ሚጥሚጣው ትዝ አለኝ።

«ወይኔ!» አልኩ። «ወይኔ ጉዴ! አቁሙ!»

«ዝም በይ!» አለች አበባ ሻጯ፣ ክንዴን ጨብጣ። «የተጀመረ ስለት አይቋረጥም። ከተቋረጠ እንዳልተደረገ ነው።»

እውነቷን ነው። ምን ላድርግ? አበባዬን ጨብጬ ቆምኩ።

መጀመሪያ ላይ ቡንሎም ቡንሎም ነበር። እጁን አንስቶ ይረሳዋል፣ እግሩን አንስቶ የት እንደሚያሳርፈው ይጠፋዋል። ጨፋሪዎቹ ልጃገረዶች እርስ በርስ ተደጋግፈው ይስቃሉ። ላቡ በዱቄቱ መሐል መንገድ እየሠራ ይወርዳል። ከአንገቱ ወደ ጀርባው፣ ከጀርባው ወደ ወገቡ ሲወርድ በዓይኔ ተከተልኩት። ደረሰ።

አንዴ ቆመ። ዓይኑ ፈጠጠ። ወገቡን ወደ ቀኝ ሰበቀ። ወደ ግራ ሰበቀ። ከዚያ «እህ!» ብሎ ዘለለ። ከበሮ መቺው ደንግጦ አየውና ምቱን አፈጠነ። ቡንሎም ተሽከረከረ፣ ቁጢጥ አለ፣ ተነሳ፣ መቀመጫውን አራገበ፣ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ወገቡን እንደ ወንፊት ነፋው። ይኼ ወገብ የት ተደብቆ ኖሯል! «እህ! እህ! ወይ እናቴ!» ይላል። ልጃገረዶቹ መሳቃቸውን ትተው ተነስተው ከኋላው ተሰለፉ፤ እሱ ሲዘል ይዘላሉ፣ እሱ ሲሰብቅ ይሰብቃሉ። ፈረንጆቹ ያጨበጭባሉ። ያ ጊንጡን የሰጠኝ ፈረንጅ ቢኖር ብዬ ተመኘሁ። አበባ ሻጯ ክንዴን ለቃ እጇን አጣምራ ተንበረከከች።

«ገብታበታለች!» አለች። «እመቤቲቱ ራሷ ገብታበታለች! እዚህ ተቀምጬ አርጅቼ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም!»

እኔ ልስቅ ነው፣ ላለቅስ ነው፣ አላወቅሁም። ሁለቱንም አደረግኩ።

ሙዚቃው እንዳበቃ ሰግዶ ወደ መጋረጃው ሮጠ። ተከትዬው ገባሁ። ሲያየኝ ዘውዱን ይዞ ቀጥ አለ። ያን ያህል የደነገጠ ፊት፣ ያውም ቀይ ከንፈር ያለው፣ አይቼ አላውቅም።

«ላምዱዋን! ከመቼ ጀምሮ ነው ያለሽው?»

«ከ‹አትንኪብኝ› ጀምሮ» አልኩት። «ዙር፣ መቀነቱን ልፍታልህ።»

«ቶሎ! ቶሎ በይ፣ እየነደድኩ ነው!» አለ። እየፈታሁለት ሳለ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሆንኩትን አየሽ? መጀመሪያ አፍሬ ልሞት ነበር። ከዚያ በወገቤ በኩል እሳት ሆና ገባች። ሐፍረት የለ፣ ፍርሃት የለ! ተቀብላኛለች፣ ላምዱዋን። አሁን ምንም አትሆኚም።»

እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ፊቱን አየሁት። ዓመት ሙሉ ያልተኛ ሰው አሁን ሊተኛ ነው። ደግሞስ እጄን እመቤቲቱ አልላከችውም ብሎ የሚምልልኝ ማነው? እንባዬን በመዳፌ ጠረግኩ። በዚያው መቀነቱን በፈታሁበት መዳፍ!

«ኡኡ!» አልኩ።

«አታልቅሺ በቃ» አለኝ፣ ራሱም እያለቀሰ። «ይህን ያህል እንደምትወጂኝ አላውቅም ነበር።»

ፕራኖም እያለከለከች የደረሰችው በዚህ መሐል ነው። ሁለታችንንም ዓይናችን ቀልቶ ስታየን እሷም አለቀሰች፤ እሷስ ምንም አልነካትም። ቀሚሱን በየማታው ደብቃ የሰፋችው እሷ ኖራለች። «ስጡኝ፣ አጥቤ ለሌላ ሞኝ አከራየዋለሁ» ብላ ሰበሰበችው።

«ተይ፣ እኔ ልጠበው!» አልኳት።

«እንግዳ ሆነሽ?»

«ፕራኖም፣ በናትሽ!»

«ጭራሽ አይሆንም!» አለችኝና ብብቷ ሥር ከተተችው።

በሚቀጥለው ቀን በባቡር ወደ ቤታችን ስንመለስ ቡንሎም መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ነበር። ወገቡን የኮኮናት ዘይት ቀብቼለታለሁ። ሩዛችንን ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ ሚጥሚጣ እያስነካሁ እጎርሳለሁ።

«ጎንሽስ?» አለኝ።

«ረስቼዋለሁ።»

ራሱን ነቀነቀ። በመስኮቱ መስታወት ራሱን እያየ ጸጉሩን አስተካከለ። አሁን ካልነገርኩት መቼም አልነግረውም።

«ቡንሎም፣ እኔም ተስዬ ነበር።»

ዞረ። «ምን ብለሽ?»

«ከወጣሁ አንተ ጸጉርህን ተላጭተህ ዘጠኝ ቀን ገዳም ትገባለህ ብዬ።»

ባቡሩ አንድ ጣቢያ አለፈ። እጁ ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ወጣ። «ጸጉሬን?»

«ጸጉርህን።»

«ገዳም የገባ ቅንድቡንም ይላጫል።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ስሳል ራሴን ተሳልኩ» አለ፣ ድምፁ ከፍ እያለ። «አንቺም ስትሳዪ እኔን ተሳልሽ! አንቺ ሴትዮ፣ የራስሽ የምትሰጪው አንድ ነገር እንኳ አልነበረሽም?»

«አልነበረኝም» አልኩት። «ሰው የሚሳለው ያለውን ነው። ስፈልግ ስፈልግ ያገኘሁት አንተን ብቻ ነው።»

ቀጥሎ ያ ግንድ ሰውዬ፣ በሰው ፊት እጄን ነክቶኝ የማያውቅ፣ ባቡሩ ውስጥ እጄን ያዘኝ። ወደ መስኮቱ እያየ ነው የያዘኝ፣ ግን ያዘኝ።

ያኔ ስልኩ ጮኸ። ፕራኖም ነች። ጩኸቷ ከጆሮው አልፎ እኔም ጋ ይሰማል። «እጄ! ዓይኔ! ኧረ ቀሚሱ ውስጥ ምንድን ነው ያደረጋችሁት? እየነደድኩ ነው!»

ቡንሎም ስልኩን ቀስ ብሎ አወረደው። አየኝ። ከዚያ ጭኔ ላይ ያለውን ጣሳ አየ። አንገቱን ሰገግ አድርጎ ውስጡን ተመለከተ፤ ስንመጣ ሙሉ የነበረው ከግማሽ በታች ነው። እጁን ወደ ወገቡ ላከና ዳሰሰው። እኔ ሩዜን እያየሁ አኝካለሁ፣ አኝካለሁ።

ጣሳውን በአንድ እጁ ከደነው።

«ስንት ቀን ነበር ያልሽው?»

«ዘጠኝ» አልኩ በቀጭን ድምፅ።

«አሥራ አምስት አድርጊው» አለኝ። «ከአንቺ ዕረፍት ያስፈልገኛል።» እጄን ግን አልለቀቀውም።